2,147,483,647፦ የመደብራችንን ሒሳብ ወደ ኔጋቲቭ የገለበጠው ቁጥር

የከዚራው ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ አጠገብ የጅምላ ማከፋፈያ አለው፤ ዘይት፣ ፓስታ፣ የዱቄት ወተት። ሽያጩን የሚመዘግብበት ፕሮግራም ከሐምሌ 1 ጀምሮ የዓመቱን ጠቅላላ ሽያጭ እየደመረ ታች በኩል ያሳያል። ሰሞኑን አንድ ማታ ድምሩ 21,474,100.00 ብር ላይ ነበር። ከዚያ የ1,850 ብር ሽያጭ ተመዘገበ። ወዲያው ድምሩ

−21,473,722.96

ሆኖ ቁጭ አለ። ፎቶ አንሥቼዋለሁ።

ሁለት ነገር ነው ያልገባኝ። አንደኛ፣ ድምር ላይ ሲጨመርበት እንዴት ኔጋቲቭ ይሆናል? ሁለተኛ፣ እኛ ጋ በሳንቲም የሚሸጥ ዕቃ የለም፤ ሁሉም ዋጋ ድፍን ብር ነው። 96 ሳንቲም ከየት መጣ? አጎቴ ካሸሯ አንድ ነገር ነክታለች ብሎ ፊቱን አዙሮባታል። ልጅቷን አውቃታለሁ፣ የሰው ገንዘብ የምትነካ አይደለችም። ግን «አውቃታለሁ» ብቻ ብዬ አጎቴን አላሳምነውም። በቁጥር የሚረታ መልስ ያለው ካለ ይርዳኝ።


ገንደቆሬ ጻፈ፦

አቦ ልጅቷን ተዉአት! ማንም ምንም አልነካም። መልሱ ያ 96 ሳንቲም ውስጥ ነው ያለው።

እስቲ እንየው። ትክክለኛው ድምር 21,474,100 ሲደመር 1,850፣ ማለትም 21,475,950.00 መሆን ነበረበት። አሁን ፎቶው ላይ ያለውን ቁጥር የመቀነስ ምልክቱን ትተህ ከዚህ ጋር ደምረው፦

21,475,950.00 + 21,473,722.96 = 42,949,672.96

ነጥቡን አንሣው፣ ሳንቲም አድርገው፦ 4,294,967,296። ይህ ቁጥር ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ነው፤ 2 ለራሱ 32 ጊዜ ሲባዛ የሚመጣው፣ 2^32። ሌባ ቢኖር ኖሮ በትክክል 2^32 ሳንቲም አይሰርቅም ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ብሩን በሳንቲም ነው የያዘው (ያ ጥሩ ልማድ ነው፣ በነጥብ ከመያዝ ይሻላል)፣ ግን ያስቀመጠው 32 ቢት ውስጥ ነው። 32 ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች ናቸው። የመጀመሪያዋ ቦታ ኔጋቲቭ ወይስ ፖዘቲቭ የሚለውን ትነግርሃለች። ለቁጥሩ 31 ቦታ ይቀራል። 31ዱም 1 ሲሆኑ የሚገኘው ትልቁ ቁጥር 2^31−1፣ ማለትም 2,147,483,647 ነው። በብር 21,474,836.47። ከዚያ ላይ 1 ሳንቲም ብቻ ብትጨምር 31ዱም ወደ 0 ይመለሱና የምልክቷ ቦታ 1 ትሆናለች፤ ቁጥሩ −2,147,483,648 ይሆናል። የድሮ መኪና ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ 999,999 ላይ ደርሶ ሲዞር እንደምታየው ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ወደ ዜሮ ሳይሆን ወደ ታችኛው ጫፍ መዞሩ ነው። አጎትህ ጣሪያው ላይ ለመድረስ 736 ብር ከ47 ሳንቲም ቀርቶት ነበር፤ የ1,850ው ሽያጭ አሻገረው።

መፍትሔው ድምሩ የሚቀመጥበትን ወደ 64 ቢት መቀየር ነው። የተመዘገቡት ሽያጮች አንድ በአንድ ደህና ናቸው፣ የተገለበጠው ድምሩ ብቻ ነው።


የከዚራው ጻፈ፦

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። የጻፍከውን በወረቀት ገልብጬ አጎቴ ፊት በካልኩሌተር ደመርኩለት። 42,949,672.96 ሲመጣ ደግሞ ራሱ ደመረው። ከዚያ ልጅቷን ጠርቶ ይቅርታ ጠይቋታል። ፕሮግራሙም ተስተካክሏል።

አሁን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ 2,147,483,647 ሳነብ ፕራይም ነው የሚል አየሁ፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ጥያቄዬ፦ ኮምፒውተር የሚሠሩት ሰዎች ፕራይም እንዲሆን ፈልገው ነው የመረጡት? ወይስ የእንደዚህ ዓይነት ጣሪያዎች ሁሉ ፕራይም ናቸው?


ሶፊ_ጀጎል ጻፈች፦

እኔም ልጠይቅ። ሐረር 11ኛ ክፍል ነኝ። ቁጥሩን ለትናንሽ ፕራይሞች እያካፈልኩ ነበር። ለ3 ሳካፍለው 1 ይተርፋል። ለ7፣ 1 ይተርፋል። ለ11ም 1። ለ31 ስሞክረውም 1። ለ5 ግን 2 ይተርፋል፣ ለ13 ደግሞ 10፣ ለ17 ደግሞ 8። እነዚያ አራቱ ላይ ብቻ 1 የሚተርፈው ለምንድን ነው? አጋጣሚ አይመስለኝም።


መምህር_ሳቢያን ጻፈ፦

አጋጣሚ አይደለም፣ ሶፊ። እንዲህ ያለ ነገር ዓይንሽ ውስጥ መግባቱ ደስ ይላል፤ ብዙ ተማሪ ቀሪውን ጽፎ ነው የሚያልፈው። ከቁጥሩ 1 ቀንሺ፦ 2,147,483,646። ይህ 2 ሲባዛ በ(2^30−1) ነው። እርሱን ብትበትኚው

2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 31 × 151 × 331

ይሆናል። አባዢና አረጋግጪ። እንግዲህ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ያለ ማንኛውም ቁጥር 2,147,483,646ን ያለ ቀሪ ያካፍላል፤ የኛን ቁጥር ሲያካፍል የግድ 1 ይተርፋል። 151 እና 331 ላይም ሞክሪ፣ 1 ታገኛለሽ። 9 ላይም እንዲሁ። 5፣ 13 እና 17 ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌሉ ቀሪያቸው ሌላ ሆነ።

ወደ ከዚራው ጥያቄ ልመለስ። ማንም ፕራይም እንዲሆን ብሎ አልመረጠውም። 32 የተመረጠው የማሽን ሠሪዎቹ 8፣ 16፣ 32፣ 64 እያሉ በእጥፍ ስለሚሄዱ ነው፤ አንዱ ቦታ ለምልክት ሲወጣ 7፣ 15፣ 31፣ 63 ይቀራል። አራቱንም ጣሪያዎች እንያቸው፦

2^7−1 = 127። ፕራይም ነው።
2^15−1 = 32,767። ይህ 7 × 31 × 151 ነው፣ ፕራይም አይደለም።
2^31−1 = 2,147,483,647። ፕራይም ነው።
2^63−1 = 9,223,372,036,854,775,807። ይህም ፕራይም አይደለም፤ 7 ሁለት ጊዜ፣ 73፣ 127፣ 337፣ 92,737 እና 649,657 ያካፍሉታል።

7 እና 31 ራሳቸው ፕራይም ናቸው፤ 15 እና 63 ግን አይደሉም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በባይናሪ (በ0 እና በ1 ብቻ) ሲጻፉ አንድ ብቻ እየተደረደረ ነው። 2^15−1ን ጻፉት፣ አሥራ አምስት አንዶች። በሦስት በሦስት ቁረጧቸው፦

111 111 111 111 111

እያንዳንዱ ቁራጭ 111 ነው፣ ማለትም 7። ቁጥሩ በሙሉ ከ7 ቁራጮች ተሠርቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ 7 ያካፍለዋል። በአምስት በአምስት ብትቆርጧቸው ደግሞ 11111፣ ማለትም 31 ያካፍለዋል። ከአንድ አኃዝ በላይ ወደያዙ እኩል ቁራጮች የሚቆረጥ የአንዶች ሰልፍ ፕራይም ሊሆን አይችልም። ሠላሳ አንድ አንዶችን ግን በእኩል መቁረጥ አይቻልም፣ 31 ፕራይም ነውና። በር የሚከፍትለት ይህ ነው።

በር ይከፍታል እንጂ አያስገባም። 11 ፕራይም ነው፣ 2^11−1 ግን 2,047 ነው፤ 23 × 89። ስለዚህ 2^31−1 ፕራይም መሆኑን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ያንን ማስረጃ ያመጣው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1772 ለሌላው የሒሳብ ሰው ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ። ዕድሜው ከ60 አልፎ ነበር፣ የዓይኑ ብርሃንም ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል።


ገንደቆሬ ጻፈ፦

መምህር፣ ይህን ነው መስማት የምፈልገው። እኔ ዛሬ ለኮምፒውተር ሰጥቼው ዓይኔን ሳልጨፍን መልስ ይሰጠኛል። የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ወደ 46,340 ነው፤ እስከዚያ ያሉት ፕራይሞች ከ4,700 በላይ ናቸው። እነዚያን ሁሉ አንድ በአንድ በእጅ አካፈለ? ያውም ማየት እየተሳነው?


መምህር_ሳቢያን ጻፈ፦

አላካፈለም። ውበቱም እዚያ ላይ ነው፤ አብዛኞቹን ሳይነካቸው ነው የጣላቸው። ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ፣ ከ11ኛ ክፍል ትምህርት በላይ የሚጠይቅ ነገር የለውም።

ቁጥራችንን የሚያካፍል ፕራይም አለ እንበልና ጠ እንበለው። ጠ 2^31−1ን ካካፈለ፣ 2^31 ለጠ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው ማለት ነው። አሁን 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልን በእጥፍ ስንሄድና በየእርምጃው ለጠ ስናካፍል ቀሪው መጀመሪያ ወደ 1 የሚመለስበት አንድ እርምጃ አለ። ከዚያ በኋላ ቀሪዎቹ በዚያው ርቀት እየዞሩ ይደገማሉ። ስለዚህ ቀሪው 1 የሚሆንባቸው እርምጃዎች ሁሉ የዚያ የመጀመሪያው ብዜቶች ናቸው። 31ኛው እርምጃ ላይ 1 እንደሚሆን እናውቃለን። 31 ፕራይም ስለሆነ የመጀመሪያው እርምጃ ወይ 1ኛው ነው ወይ 31ኛው። 1ኛው ሊሆን አይችልም፣ እዚያ ቀሪው 2 ነው። ስለዚህ 31 ነው።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ፌርማ ደግሞ አስቀድሞ ያሳየን ነገር አለ፦ ጠ ኢ-ተጋማሽ ፕራይም ከሆነ 2^(ጠ−1) ለጠ ሲካፈል ምንጊዜም 1 ይተርፋል። እንግዲህ ጠ−1 የ31 ብዜት መሆን አለበት። ጠ−1 ተጋማሽም ስለሆነ የ62 ብዜት ነው። በአንድ ምት ከ62 ቁጥር አንዱ ብቻ ቀረ፦ 63፣ 125፣ 187፣ 249፣ 311...

ኦይለር በዚህ አላቆመም። 2^31 ቀሪው 1 ከሆነ 2^32 ቀሪው 2 ነው። 2^32 ደግሞ የ2^16 ስኩዌር ነው። ማለትም ለጠ ስናካፍል የሚተርፈውን ብቻ ካየን፣ 2 የአንድ ቁጥር ስኩዌር ሆኖ ይገኛል። ይህ የሚሆነው ጠ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ከተረፈው ብቻ ነው። ሁለቱን ማጣሪያዎች ስታጣምሯቸው ጠ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት። እስከ 46,340 ድረስ እንዲህ ያሉት ቁጥሮች፣ 63ን ራሱን ትተን (7 እና 9 ያካፍሉታልና)፣ 372 ብቻ ናቸው። ከነርሱም ብዙዎቹ 3 ወይም 5 ወይም 7 ያካፍላቸዋል፣ እነርሱም ይወድቃሉ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፕራይሞች ከእኔ ጋር ሥሩ፦ 311፣ 1,303 እና 1,489።

2,147,483,647 ለ311፦ 6,905,092 ደርሶ 35 ይተርፋል።
ለ1,303፦ 1,648,107 ደርሶ 226 ይተርፋል።
ለ1,489፦ 1,442,232 ደርሶ 199 ይተርፋል።

እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ አንዱም አያካፍለውም። ወረቀትና ትዕግሥት ላለው ሰው የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ከሺዎቹ ይልቅ መቶዎቹን መሥራት ብቻ አይደለም ትልቁ ነገር፤ ያልነካቸው ቁጥሮች ሁሉ ለምን እንደማያካፍሉት ማወቁ ነው። ለክፍሌ ልጆች ደጋግሜ የምነግራቸው ይህንን ነው፣ ማስላትና ማወቅ አንድ አይደሉም።

ከኦይለር በፊት ጣሊያናዊው ካታልዲ እ.ኤ.አ. በ1588 2^17−1ን እና 2^19−1ን እያካፈለ ፕራይም መሆናቸውን አረጋግጦ ነበር። 31ንም ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ግን 23ን፣ 29ን እና 37ንም አብሮ አስገባቸው፣ ሦስቱም ወደቁ። ከኦይለር በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1876 ሉካስ 2^127−1 ፕራይም መሆኑን አሳየ፤ 39 አኃዝ ያለው ነው፣ ያለ ማሽን።


ቀፊራ_ጅምላ ጻፈ፦

ወንድሞች፣ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ወላሂ ደስ ይላል። እኔ በእህል ነው የምሠራው። የካሸሯን ጉዳይ ገብቶኛል፣ ፕሮግራም ያለን ሁሉ ይህንን ማየት አለብን። ግን ፕራይም ሆነ አልሆነ ለሰው ምን ያደርግለታል? ክርክር አይደለም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው።


ገንደቆሬ ጻፈ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው አባባ። አንድ ልንገርህ፣ ከራሴ ሥራ። ኮምፒውተር ዕጣ እንዲያወጣ፣ ወይም ጨዋታ ውስጥ ዝም ብሎ ቁጥር እንዲመርጥ ሲፈለግ ራሱ ምንም «ዝም ብሎ» ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ቁጥር በቀመር ይሰጡታል። አንዱ የታወቀ መንገድ ይህ ነው፦ አንድ ቁጥር ውሰድ፣ በ16,807 አባዛው፣ ለ2,147,483,647 አካፍለውና ቀሪውን ያዝ። ያ ቀሪ ቀጣዩ ቁጥር ነው። እርሱን ደግሞ እንዲሁ አድርግ። ፓርክና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1988 ይህን ቀመር እንደ መነሻ ደረጃ እንዲያዝ ሐሳብ አቅርበው ብዙ ቦታ ገብቷል።

16,807 ማለት 7 ለራሱ አምስት ጊዜ ሲባዛ ነው፣ 7^5። ከ1 ከተነሣህ ወደ 1 ከመመለስህ በፊት ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትነካዋለህ። አንድም አይዘለልም፣ አንድም አይደገምም። ይህ የሚሆነው አካፋዩ ፕራይም ስለሆነ ነው (7ም በደንብ ስለተመረጠ)። ፕራይም ባልሆነ ቁጥር ብትሠራው ሳይነካ የሚቀር ይኖር ነበር። ለሚስጥር ቁልፍ ግን ይህ ቀመር አይሆንም፣ ቀጣዩን መገመት ይቻላል፤ ለዚያ ሌሎች፣ እጅግ የገዘፉ ፕራይሞች አሉ። ስልክህ ላይ ገንዘብ ስትልክ ከሚጠብቁህ ነገሮች ውስጥ ትልልቅ ፕራይሞች አሉበት።


ለገሃሬ_ጡረታ ጻፈ፦

ልጆቼ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። እኔ ምድር ባቡር ሒሳብ ክፍል ነው የሠራሁት፣ ኮምፒውተር ሳይመጣ። ገንደቆሬ ስለ 32 ቦታ ሲጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ገበያ ላይ ያደጉ ሽማግሌዎች የሚያባዙበት መንገድ ነው። 37 ጆንያ፣ አንዱ በ45 ብር። እንደ ድሮው ዋጋ ያዙት። በአንድ በኩል 37ን እየገመሱ ትራፊውን እየጣሉ ይወርዳሉ፣ በሌላ በኩል 45ን በእጥፍ ይወጣሉ፦

37 — 45
18 — 90
9 — 180
4 — 360
2 — 720
1 — 1,440

ከዚያ በግራ በኩል ጎዶሎ የሆኑትን ብቻ ይይዛሉ፣ 37፣ 9 እና 1። አንጻራቸው ያሉትን ይደምራሉ፦ 45 + 180 + 1,440 = 1,665። የማባዣ ሰንጠረዥ የማያውቅ ሰው እጥፍና ግማሽ ካወቀ አይሳሳትም። እና ያ ጎዶሎና ጎዶሎ ያልሆነ የሚለው መለያ ከማሽኑ 1 እና 0 ጋር አንድ መሆኑን አሁን ነው ከናንተ ያየሁት፤ 37 ማለት 32 እና 4 እና 1 ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። የልጅ ልጄ ይህ ቁጥር ሰዓትንም ያቆማል ትላለች። እውነት ነው?


ገንደቆሬ ጻፈ፦

ጋሼ፣ እውነት ነው። ያስተማሩን መንገድ በትክክል ማሽኑ ውስጥ ያለው ነው፣ ቃል በቃል።

ስለ ሰዓቱ፦ ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚይዙት ከእ.ኤ.አ. ጥር 1፣ 1970 ዜሮ ሰዓት በግሪንዊች ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ በመቁጠር ነው። የቆዩት ማሽኖች ይህን ሰከንድ የሚያስቀምጡት እንደ አጎቱ ፕሮግራም 32 ቢት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰከንዱ 2,147,483,647 ሲደርስ ይገለበጣል። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጥር 19፣ 2038 ነው። የዚያን ዕለት ያልተቀየረ ማሽን ጊዜውን ወደ ታኅሣሥ 13፣ 1901 ይመልሰዋል። አዳዲሶቹ 64 ቢት ስለሆኑ አያሰጋቸውም፤ እነርሱ ጣሪያቸው ላይ ለመድረስ 292 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። የሚያሰጋው ማንም የማያድሳቸው ትናንሽ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ ያለው ነው።


ለገሃሬ_ጡረታ ጻፈ፦

ቆይ ልጄ፣ ጥር 19 የፈረንጅ ማለት ለኛ ጥምቀት አይደለም እንዴ? በባሕረ ሐሳብ ልቁጠረው ብዬ ወረቀት አወጣሁ።

የፈረንጅ ጥር 1፣ 1970 የኛ ታኅሣሥ 23፣ 1962 ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 23፣ 2030 ድረስ 68 ዓመት። በ365 ሲባዛ 24,820 ቀን። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ በመካከል ያሉት ዘመነ ሉቃስ 1963፣ 1967፣ 1971 እየተባለ እስከ 2027፣ አሥራ ሰባት ናቸው። 24,837። ከታኅሣሥ 23 እስከ ጥር 11 ደግሞ 18 ቀን። ጠቅላላ 24,855።

አሁን የናንተን ቁጥር ለአንድ ቀን ሰከንድ፣ ለ86,400 አካፈልኩት። 24,855 ደርሶ 11,647 ሰከንድ ተረፈ። ቀኑ በትክክል ገጠመ! ትራፊው 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። በግሪንዊች ዜሮ ሰዓት ማለት በኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሆነ፣ ስትጨምሩበት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል። ዕለቱን ለማወቅ 24,855ን ለ7 አካፈልኩ፣ 5 ተረፈ፤ መነሻው ሐሙስ ነበር፣ አምስት ቀን ወደፊት ማክሰኞ።

እንግዲህ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም፣ ዘመነ ማርቆስ፣ የጥምቀት ዕለት ማክሰኞ ንጋት ነው። ታቦታቱ ጥምቀተ ባሕር አድረው ሕዝቡ ጸበል የሚረጭበት ሰዓት። ወደ ኋላ ይመለስበታል ያልከው የ1901 ታኅሣሥ ደግሞ የኛ 1894 ነው፤ ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጅ 1902 መጨረሻ ነውና፣ ያ ማሽን ከተማዋ ገና ሳትቆረቆር ወደነበረበት ጊዜ ይወስደናል ማለት ነው።


የከዚራው ጻፈ፦

ጋሼ፣ ይህን ለአጎቴ አነበብኩለት። እርስዎ ያሉትን ቆጠራ ከቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያይቶ ሁለት ጊዜ ነው የደገመው። በጣም እናመሰግናለን።

መምህር፣ ፍጹም ቁጥር ስለሚባለው ነገር ከዚህ ጋር የሚያያዝ አለ ሲሉ ሰማሁ።


መምህር_ሳቢያን ጻፈ፦

አለ። ከራሱ በቀር 6ን የሚያካፍሉት 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ ራሱ 6 ይመጣል። 28ም እንዲሁ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14። እንዲህ ያለውን ፍጹም ቁጥር ይሉታል። የጥንቱ ግሪካዊ ኤውክሊድ እንዳሳየው 2^31−1 ዓይነት ፕራይም ባገኘን ቁጥር በ2^30 ስናባዛው ፍጹም ቁጥር ይወጣል። የኛው የሚሰጠው

2,305,843,008,139,952,128

ነው፣ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር። እንግሊዛዊው ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር የሚፈልግ ሰው ስለማይኖር መቼም የሚገኘው ትልቁ ይኸው ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጽፎ ነበር። ሰው ግን ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2024 የተገኘው የዚህ ዓይነት ፕራይም 2^136,279,841−1 ነው፤ ከ41 ሚሊዮን በላይ አኃዝ አለው። ጥቅም የለውም የተባለ ነገር ፈላጊ አጥቶ አያውቅም፤ ሶፊም የ1 ቀሪዎቹን ስትሰበስብ ማንም አላዘዛትም።

ሶፊ፣ አንቺ የቤት ሥራ አለሽ። ካታልዲ ፕራይም ናቸው ያላቸውን ሦስቱን፣ 2^23−1ን፣ 2^29−1ን እና 2^37−1ን በኦይለር ማጣሪያ ጣያቸው። ለ31 በ62 እንደሄድን ለነዚህም የአርቢውን እጥፍ ትወስጃለሽ፤ የ8ቱን ማጣሪያም አትርሺ።


ሶፊ_ጀጎል ጻፈች፦

መምህር፣ ሠራሁት።

23፦ እጥፉ 46፣ የመጀመሪያው 47። 47 ለ8 ሲካፈል 7 ይተርፋል፣ አለፈ። 8,388,607 ለ47 = 178,481፣ ቀሪ የለም። በመጀመሪያው ሙከራ ወደቀ።

29፦ እጥፉ 58። 59 ለ8 ቀሪው 3 ነው፣ ወደቀ። 117 ለ8 ቀሪው 5፣ ወደቀ። 175 ለ8 ቀሪው 7 ነው ግን 5 ያካፍለዋል። 233 ለ8 ቀሪው 1፣ ፕራይምም ነው። 536,870,911 ለ233 = 2,304,167። ወደቀ።

37፦ እጥፉ 74። 75 አይሆንም። 149 ለ8 ቀሪው 5፣ አይሆንም። 223 ለ8 ቀሪው 7። 137,438,953,471 ለ223 = 616,318,177። እርሱም ወደቀ።

ያለ ማጣሪያው ቢሆን 37ኛው ላይ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያልኩ 223 እስክደርስ ብዙ ወረቀት እጨርስ ነበር። አሁን የሠራሁት ማካፈል አንድ ነው። ቀጣዩ ፕራይም 41 ነው፣ እርሱን ጀምሬዋለሁ። በ82 እየሄድኩ 3,000 አልፌያለሁ፣ እስካሁን የሚያካፍለው አላገኘሁም። ፕራይም ነው ማለት ነው?


መምህር_ሳቢያን ጻፈ፦

ሦስቱም ትክክል ናቸው። 223ን ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ነው ያገኘው፣ በዚሁ መንገድ።

41 ላይ ገና ነሽ። የ2^41−1 ስኩዌር ሩት ከ1,480,000 በላይ ስለሆነ 3,000 ላይ ቆመሽ ፕራይም ነው ማለት አይቻልም። ቀጥይ። 13,000 ስታልፊ ቀስ በዪ።